ለአንደኛ ክፍል የተቀየረ ቤት

ዛሬ ደብረ ብርሃን በአንድ ትምህርት ቤት የምዝገባ ሰልፍ ላይ ከፊቴ የቆሙ እናት ሰባት ዓመት የሞላውን ልጃቸውን አንደኛ ክፍል ለማስገባት የልደት ካርዱን ይዘው ቢቀርቡም፣ መዝጋቢው «ቅድሚያ የምንሰጠው ለአካባቢው ነዋሪ ነው፤ የእርስዎ መታወቂያ የሌላ ቀበሌ ነው» አላቸው። አልተከራከሩም። ከቦርሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ፣ ከደብተር የተገነጠለ ቅጠል አወጡ፤ አከራያቸው ግብር ይመጣብኛል ብሎ ሙሉ ስሙን ሳይጽፍ የፈረመበት የኪራይ ውል ነበር። መዝጋቢው ወረቀቱን ገልብጦ አየና መልሶ ሰጣቸው።

«ሁለት ክፍል ቤት ለቅቄ አንዲት ጠባብ ክፍል የተከራየሁት እኮ ለዚሁ ብዬ ነው» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው።

ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለች ከተማ፣ የኅዳር ውርጭ ሣሩን በሚያነጣበት ማለዳ፣ ያንን የሚያህል ልጅ ለብቻው ረጅም መንገድ መስደድ አያስችልም፤ የየዕለቱ የባጃጅ ክፍያም ለብዙ ቤተሰብ የሚቻል አይደለም። ስለዚህ ወላጅ ስፋቱንና ውኃውን ትቶ ለትምህርት ቤቱ አጥር የቀረበውን ቤት ይመርጣል፤ አከራዮችም ይህንን መቼም ያውቁታል። እኔን ያሳሰበኝ ግን የቅርበቱ ማስረጃ በአከራዩ መልካም ፈቃድ ላይ መንጠልጠሉ ነው፤ ውል ለሌለው ተከራይ የሰፈሩ ዕድር ቢመሰክርለት ትምህርት ቤቱ ሊቀበለው ይገባል እላለሁ።