ትምህርት ቤት የሚመላለሱ ልጆች ባጃጅ ውስጥ የት ይቀመጡ?

ለምን ይህን ሁሉ ልጅ ትጭናላችሁ ሲባሉ፣ «ልጆች ናቸው፣ አይከብዱም» የሚለው መልስ ድሬ ላይ ብዙ የኮንትራት ባጃጅ ሾፌሮች አፍ ላይ አለ። በኪሎ ከቆጠርነው እውነት ነው፤ 20፣ 20 ኪሎ የሚመዝኑ አስር ልጆች የሦስት ጎልማሶችን ያህል ቢመዝኑ ነው፣ ሞተሩም ይጎትታቸዋል። ነገር ግን ባጃጅ የተሠራው ለአንድ ሾፌርና ከኋላ ወንበር ላይ ጀርባቸውን አስደግፈው ለሚቀመጡ ሦስት ሰዎች ነው። ከዚያ ቦታ ውጪ የተቀመጠ ልጅ የቱንም ያህል ቀላል ቢሆን ወይ ባጃጁ እንዲገለበጥ ያግዛል፣ ወይ ራሱ ተወርውሮ ይወጣል።

ከሁሉ በፊት መቅረት ያለበት ከሾፌሩ ጎን መቀመጥ ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከፊተኛው ጎማ ተነስታችሁ ወደ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች መስመር ብትስሉ ሦስት ማዕዘን ይወጣል፤ ከኋላ ሰፊ፣ ወደ ፊት እየጠበበ የሚሄድ። ክብደቱ እዚያ ውስጥ እስካለ ድረስ ባጃጁ ይቆማል። ሾፌሩ እየታጠፈ ፍሬን ሲረግጥ ግን ክብደቱ ወደ ፊትና ወደ ውጭ ይሄዳል። መኪና በዚያ ጥግ ላይ ጎማ አለው፤ ባጃጅ የለውም። ከፊት ሁለት ልጅ ሲቀመጥ ጭነቱ ገና ከመነሻው ወደ ጠባቡ ጫፍ ቀርቧል፣ ስለዚህ ያው ሾፌር ባዶውን በሰላም የሚያልፈው ኩርባ ላይ ይገለበጣል። በዚህ ላይ የልጁ ጉልበት መሪው ሙሉ በሙሉ እንዳይዞር ያግደዋል። ማርሹና ፍሪሲዮኑ ግራ እጀታ ላይ ስለሆኑ በግራ የተቀመጠ ልጅ የሾፌሩን ክንድ ይገፋል።

ፍጥነትም ከዚሁ ጋር ይታያል። አንድ ኩርባ ላይ ከ20 ወደ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከፍ ሲባል ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል በግማሽ ብቻ አይጨምርም፣ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ሾፌሩ አሥር ብቻ የጨመረ ይመስለዋል።

ከሾፌሩ ጀርባ የምትደረበው ጣውላስ? ሌላ ሦስትና አራት ልጅ ታስቀምጣለች፣ ግን መደገፊያ የላትም፤ ብዙ ጊዜም በሽቦ ወይም በገመድ ብቻ የታሰረች ናት። ባጃጁ ከጎን ሲመታ መጀመሪያ የሚወጡት እዚያ ላይ ያሉት ናቸው። ከኋላ ወንበር ያሉት ደግሞ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ተወርውረው ጣውላዋ ላይ ካሉት ልጆች ጋር ግንባር ለግንባር ይጋጫሉ። ጣውላ በሌለበት የሚመቱት ከሾፌሩ ጀርባ ያለው የብረት ቧንቧ ነው፤ ቁመቱ ለትንሽ ልጅ ልክ ጥርስና ግንባር ላይ ይመጣል። ቧንቧውን በወፍራም ስፖንጅ መጠቅለልና በላስቲክ አጥብቆ ማሰር ርካሽ ሥራ ነው፣ ማንም ሾፌር እምቢ አይልም። ይህ ግን ቀበቶን አይተካም። 30 ላይ እየሄደ ግድግዳ የመታ ባጃጅ ውስጥ ያለ ልጅ ከ3 ሜትር ተኩል ከፍታ የወደቀ ያህል ነው፤ 40 ላይ ከሆነ ከ6 ሜትር በላይ።

አቀማመጡ እንዲህ ይሁን። ትንሹ መሃል፣ ትልልቆቹ ግራና ቀኝ፣ ሁሉም ጀርባቸው መደገፊያውን ነክቶ። አንዱ ልጅ ሌላው ጭን ላይ አይቀመጥ፤ ልጅ ልጅን ይዞ ማስቀረት አይችልም። ሕፃን የያዘች እናት ካለች መሃሉ የእሷ ነው። የግራው በኩል በብረት ይዘጋ። የሸራ በር ዝናብና አቧራ ይከለክላል እንጂ ልጅ አይይዝም፣ ስለዚህ «በር አለው» ሲሏችሁ በእጃችሁ ገፋ አድርጋችሁ እዩት። መውጣትና መውረድ ሁልጊዜ በቀኝ ነው፤ መንገድ የሚሻገር ልጅ ባጃጁ እስኪሄድ ዳር ላይ ይጠብቅ።

የሴቶች ልጆች ልብስ ላይ ጠበቅ ማለት ያስፈልጋል። ረጅም ሂጃብ፣ ሻርፕ፣ ነጠላ፣ የድርያ ቀሚስ ጫፍ በጎን ወጥቶ ሲውለበለብ የኋላው ጎማና አክሱሉ ይጠቀልሉታል። አንገት ላይ የተጠመጠመ ከሆነ የሚከተለውን መናገር አያስፈልግም። ጫፉን ጭናቸው ሥር አድርገው እንዲቀመጡበት አስተምሯቸው። ቦርሳም ውጪ አይንጠልጠል፣ ከሾፌሩ እግር አካባቢም አይቀመጥ፤ የሚንከባለል የውኃ ኮዳ የፍሬን ፔዳል ሥር ከገባ ፔዳሉ አይወርድም። ከኋላ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ስለሚግል ልጆች በዚያ በኩል እንዳይንጠላጠሉ። የተቃጠለ ካለ ቁስሉ ላይ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ይፍሰስበት። የጥርስ ሳሙናም ቅቤም አይቀባ።

ወደ መንገዱ ስንመጣ፣ ባጃጅ ሦስት የጎማ መስመር አለው። መኪና ጉድጓድ መሃሉ አድርጎ ሊያልፍ ይችላል፤ ባጃጅ ሁለቱን ቢያስጥል ሦስተኛው ይገባል፣ ያም መሪ የሚይዘው ትንሹ ጎማ ነው። ድሬ ላይ ደግሞ ከዝናብ በኋላ እንደ ደቻቱ ያለው ደረቅ ወንዝ ያመጣው አሸዋ አስፋልት ላይ ይቀራል። አሸዋ ላይ ፍሬን የተያዘበት የፊት ጎማ ይንሸራተታል፣ መሪው ቢዞርም ባጃጁ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አሸዋው ጋ ሳይደርስ ፍጥነት የሚቀንስ ሾፌር ነው ልጅ የሚሰጠው። ለቁልቢ ገብርኤል ተብሎ ልጆችን ጭኖ በደንገጎ ዳገት መውጣትና መውረድን በፍጹም አልመክርም፤ በዚያ ቁልቁለት ፍሬን ሲረገጥ ተቆይቶ የፍሬኑ ሸራ ሲግል መያዝ ያቆማል።

ኮንትራት ከመያዛችሁ በፊት ባጃጁን ለማየት አሥር ደቂቃ ይበቃል። ፍሬኑን አስረግጡት፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ከወረደ ወይም ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተደጋገመ የማይጠነክር ከሆነ የፍሬን ዘይት ጎድሏል ወይም አየር ገብቷል። በኋላ ጎማዎቹ ውስጠኛ ጎን እርጥበት ካለ ዘይት እያፈሰሰ ነው። ከዚያ ተሳፈሩና ባዶ መንገድ ላይ በ20 እየሄደ ጠበቅ አድርጎ ይያዝ፤ ወደ አንድ ጎን ከሳበ የአንዱ ጎማ የፍሬን ሸራ አልቋል ወይም ዘይት ነክቶታል። የፊት ጎማውን ከላይ ይዛችሁ ግራና ቀኝ ወዝውዙት። ቀጭ ቀጭ ካለ ኩሽኔታው ነው። የጎማው ጥርስ መሃሉ ላይ ከጠፋ ይቀየር። ንፋስ የሚለካው ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ በድሬ ሙቀት ከቀትር በኋላ የተለካ ጎማ ልክ መስሎ ጎድሎ ያድራል።

ሾፌሩ ሲወርድ ቁልፉን ይነቅላል ወይ? ይህን ልብ በሉ። ሞተሩ እየሠራ የተተወ ባጃጅ ውስጥ ያለ ልጅ ጋዙንና ማርሹን ከመንካት አይቦዝንም።

መጨናነቁን የሚያመጣው የክፍያው አሠራር ነው ብዬ አምናለሁ። በልጅ ቁጥር የሚከፈለው ሾፌር አንድ ልጅ በጨመረ ቁጥር ገቢው ይጨምራል፣ ስለዚህ «አትጨናንቅ» ማለት ኪሱን መንካት ነው። በምልልስ ተነጋገሩ። የስድስት ልጆች ወላጆች ተሰብስባችሁ ጠዋት ሁለት ምልልስ፣ ከሰዓት ሁለት ምልልስ በሚል ዋጋ ቁረጡ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ 20 ደቂቃ ቀደም ብለው ይሂዱ። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ያንን አልክድም። ግን ሾፌሩ ሰባተኛ ልጅ የሚጭንበት ምክንያት አይኖረውም።

ስምምነቱ ውስጥ የሾፌሩን ስም አስገቡ። ባጃጅ በየጊዜው ለሌላ ሾፌር ስለሚሰጥ አንድ ጠዋት የማታውቁት ወጣት መሪ ይዞ በር ላይ ሊቆም ይችላል። ያኔ መንጃ ፈቃዱን ጠይቁ፣ የፍሬን ሙከራውንም ከእሱ ጋር እንደ አዲስ አድርጉት። እስከዚያ ልጆቹ አይሳፈሩ።