እድር አለን፣ የጎን በር ግን አናንኳኳም

በኦገስት 10 ቀን 2016 (እ.ኤ.አ.) እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ፍላወር ብራንች በሚባለው አፓርታማ ጋዝ ፈንድቶ ሰባት ሰዎች ሞቱ። የፌዴራል መርማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ በጋዝ ቆጣሪዎቹ ክፍል የነበረው የግፊት መቆጣጠሪያ ትርፍ ጋዝ ወደ ውጭ የሚያወጣበት ቧንቧ አልተገጠመም ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ጋዝ የሸተታቸው ነዋሪዎች ነበሩ። ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም። ግን እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግና በዙሪያው በብዛት የምንኖር እኛ ኢትዮጵያውያን ከዚህ አደጋ ብዙ የምንማረው አለ።

እድራችን ጠንካራ ነው። ሰው ሲሞት ለቅሶ ቤቱ ይሞላል፣ አስከሬን አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ ይዋጣል። ነገር ግን አንዱ እድርተኛ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ፣ ሌላው ሜሪላንድ ላውረል ነው የሚኖረው። እሳት ሲነሳ ቀድሞ የሚደርሰው ደረጃ የሚጋራን ሳልቫዶራዊ ነው፣ ስሙን እንኳ ብዙዎቻችን አናውቅም።

የተፈጥሮ ጋዝ በራሱ ሽታ የለውም። እንደ በሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ነገር ሆን ተብሎ የሚጨመርበት ነው። ከሸተታችሁ መብራት አታብሩ፣ የበራውንም አታጥፉ፣ ቤት ውስጥ ሆናችሁ ስልክ አትደውሉ። እየወጣችሁ የጎረቤቶቻችሁን በር በእጃችሁ ደብድቡ። የኤሌክትሪክ ደወል አትጫኑ፣ ትንሽ ብልጭታ ትበቃለች። የአደጋ ጊዜ ስልኩ 911 የሚደወለው ከሕንፃው ከራቃችሁ በኋላ ነው። ለስፓኒሽ ተናጋሪ ጎረቤት «ጋስ»፣ «ፉዌጎ»፣ «ሳልጋን» ካላችሁ ጋዝ፣ እሳት፣ ውጡ ማለታችሁ ነው። እነሱም «እሳት» እና «ውጡ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ከእናንተ ይማሩ።

እንግሊዝኛው አስፈርቷቸው 911 ሳይደውሉ የሚቀሩ እናቶች አሉ። መጀመሪያ አድራሻ መናገር፣ ቀጥሎ «አምሃሪክ» ማለት ይበቃል፣ አስተርጓሚ በስልክ ያገናኛሉ። ሞባይል አካባቢውን ቢያሳይም ፎቁንና የቤት ቁጥሩን ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ሙሉ አድራሻውን በትልቁ ጽፋችሁ ከበሩ በውስጥ በኩል ለጥፉ፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ ጎረቤቶችም ለጥፉላቸው።

ጎረቤት ለመቅረብ ቡና የሚያህል ነገር የለም። ደጋግሞ የሚታየው አደጋም እዚሁ ላይ ነው። ቡናው ሲቆላ፣ ዕጣኑ ሲጨስ ስሞክ ዲቴክተሩ (የጭስ ማስጠንቀቂያው) ይጮኻል። ባትሪው ይወጣል ወይም በፌስታል ይሸፈናል፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ግን የሚያስታውሰው የለም። አፓርታማ ውስጥ ደግሞ ያ ዲቴክተር የላይኛውን ቤት ሕፃናትም የሚጠብቅ ነው። ከመቁላታችሁ በፊት መስኮት ክፈቱ፣ የምድጃውን ማራገቢያ አብሩ፣ ማጨሻውን ከዲቴክተሩ ቢያንስ ሦስት ሜትር አርቁት። ከጮኸም ማስቆሚያ ቁልፉን ተጫኑት፣ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። በወር አንዴ መሞከሪያውን ተጫኑ። ከጀርባው የተጻፈው የምርት ቀን 10 ዓመት ካለፈው ይቀየር። ከሰል ግን በምንም ምክንያት፣ የበረንዳው በር ተከፍቶም ቢሆን፣ ቤት ውስጥ አይቀጣጠል። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛውን ሳይነቃ ይገድላል። ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይጣድ፣ ዕጣኑም በኤሌክትሪክ ማጨሻ ይጨስ።

ትውውቁን ስትጀምሩ ሕንፃውን ሁሉ ለመሰብሰብ አትሞክሩ። አንድ ደረጃ የሚጋሩ ከ6 እስከ 12 ቤቶች ይበቃሉ። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ ቋንቋ፣ ሌሊት ሥራ የሚገባው ማን እንደሆነ፣ ደረጃ ለመውረድ ርዳታ የሚያስፈልገው ሰው መኖሩ በወረቀት ይያዝ። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይና አገር ቤት የሚኬድበት ቀን አይጻፍም። የዋትስአፕ ግሩፕ ብዙ ጊዜ የሚሞተው የፖለቲካ ዜናና የሚተላለፍ ቪዲዮ ሲገባበት ነው። ሰው ድምፁን ያጠፋዋል፣ በአደጋው ሌሊት የሚሰማ አይኖርም። ለአደጋ ብቻ አንድ፣ ለጨዋታ ሌላ ክፈቱ። በአማርኛ ብቻ ከሆነ የደረጃው ግማሽ ሰው ውጭ ቀረ ማለት ነው። «አጠራጣሪ» እየተባለ የወጣት ፎቶ መለጠፍም ከመጀመሪያው ይከልከል። ልጁ ምግብ አድራሽ ወይም የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል፣ በዚያ የተነሳ ፖሊስ ቢጠራበት ጉዳቱ ከባድ ነው።

በጁላይ 1995 ቺካጎ ውስጥ ሙቀት ከ700 በላይ ሰዎችን ሲገድል ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። በእንዲህ ያለ ሰሞን ጠዋትና ማታ በር አንኳኩ። በስልክ ብቻ አትመኑ፣ ሙቀት ያዞራቸው እማማም «ደኅና ነኝ ልጄ» ይላሉ።

ለአከራይ የሚቀርብ አቤቱታ ላይ ደግሞ ጉርብትና ከሁሉም በላይ ይጠቅማል። በቃል የተነገረ ይረሳል። የየቤቱን ቁጥር፣ ችግሩ የታየበትን ቀንና ፎቶ ይዛችሁ በጽሑፍ አቅርቡ፣ ቅጂውን አስቀሩ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ነዋሪ መልስ ካላገኘ ወደ ካውንቲው የአገልግሎት ስልክ 311 ይደውላል። የሜሪላንድ ሕግ አከራይ ተከራዮችን ማኅበር ስላቋቋሙ እንዳያስወጣ ይከለክላል። ኪራይ ተባብሮ ዝም ብሎ ማስቀረት ግን ለማስወጣት ክስ በር ይከፍታል። አከራዩ ለሕይወት የሚያሰጋ ጉድለት እንዳለ ተነግሮት ካልጠገነ፣ ኪራዩ በፍርድ ቤት ተይዞ እንዲቆይ ለዲስትሪክት ፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል። ያን ጊዜ ቀን የተጻፈበት የጎረቤቶች ፊርማ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል።