እኔ፣ ስኩተሬና የስድስት ዓመት ልጄ በዲዝኒ ወርልድ

የግራ ዳሌዬ ከታመመ ቆየ። መራመዱ አያቅተኝም፤ በከዘራ፣ ቀስ እያልኩ፣ አጭር መንገድ እሄዳለሁ። ቆሞ መጠበቅ ግን ጭራሽ አይሆንልኝም። ወረፋ ላይ ትንሽ ከቆምኩ ማታውን ሳቃስት አድራለሁ። እንዲህ ሆኜ የስድስት ዓመት ልጄን ብቻዬን ይዤ ፍሎሪዳ፣ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ልሄድ ነው ስል የሰማኝ ሁሉ «አበድሽ እንዴ?» ነው ያለኝ። አላበድኩም። ደግሞም እዚያ ስደርስ ያስቸገረኝ ነገር ሰው ሁሉ ያስፈራራኝ ነገር አልነበረም።

ሰው የሚያስፈራራው በርቀቱ ነው። ቦታው እውነትም ሰፊ ነው። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የሳን ፍራንሲስኮን ከተማ ያህላል። አራት ትልልቅ የመዝናኛ ፓርኮች፣ ሆቴሎች፣ ሐይቆች፣ የራሱ አውቶቡሶች፣ የራሱ ሞኖሬል (በአንድ ሐዲድ ላይ የሚሄድ ባቡር) አለው። ከአራቱ አንዱን ዞሮ ለመጨረስ ጤነኛ ሰውም እግሩን ያመዋል። ርቀት ግን መላ አለው። ስኩተር፣ ማለትም ተቀምጠው የሚነዱት በባትሪ የሚሄድ ወንበር፣ ትከራያላችሁ፣ አለቀ። ፓርኮቹ በር ላይ የሚከራይ አለ፤ ግን ቀድሞ የደረሰ ነው የሚያገኘው፣ ከፓርኩም ይዞ መውጣት አይቻልም። እኔ ከሆቴሌ በር ጀምሮ ስለሚያስፈልገኝ ውጭ ካለ ድርጅት ተከራየሁ።

መላ ያጣሁለት ሌላ ነው። የስኩተር መሪ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ የልጅ ጋሪ መግፋት አይታሰብም። ልጅ ጭን ላይ አስቀምጦ መንዳትም ክልክል ነው። እንግዲህ እኔ እንደ ንግሥት ተቀምጬ ስሄድ ትንሹ ልጄ ከጎኔ በእግሩ ሊኳትን ነው። ሌላ አዋቂ ቢኖር ጋሪውን እሱ ይገፋ ነበር። የለም።

የስኩተሩ የፍጥነት ማዞሪያ ላይ ሁለት ሥዕሎች አሉ፤ በአንድ በኩል ኤሊ፣ በሌላ በኩል ጥንቸል። ስምምነታችን ይህ ነበር፦ እሱ የወንበሩን የግራ ክንድ ይይዛል፣ እኔ ከኤሊዋ አልርቅም። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ሆቴል እንመለሳለን። እሱ ይተኛል፣ ስኩተሩ ቻርጅ ይደረጋል፣ እኔም ዳሌዬን አሳርፋለሁ። ብዙ ሰው ትኬቱ ውድ ስለሆነ ከጠዋት እስከ ማታ ፓርኩ ውስጥ መቆየት አለብኝ ይላል። የደከመው ልጅ አንዱ ጥግ ላይ ተዘርግቶ ሲያለቅስ አይቼ ግን እኔ በእኩለ ቀን መመለሱን መርጫለሁ።

አውቶቡሶቹ ደህና ናቸው። በሩ ሥር ራምፕ (ጎማ የሚወጣበት ተዳፋት) ይዘረጋል፣ ስኩተር የያዘ ሰው ከነቤተሰቡ ቀድሞ ይገባል። ሹፌሩ ግን ስኩተሩን አይነዳላችሁም። ራሳችሁ ገብታችሁ፣ ወደፊት ወደኋላ እያላችሁ፣ ጠባቧ ቦታ ላይ ታቆማላችሁ፤ እሱ በቀበቶ ያስርላችኋል። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ዓይኑን ተክሎ እያየ ማቆም ማለት ነው። ልጄ ደግሞ ትራፊክ ፖሊስ ሆኖ «ግራ! ግራ! አይ፣ የኔን ግራ!» እያለ ያጣድፈኛል።

ማጂክ ኪንግደም የገባነው ሐይቁን በጀልባ ተሻግረን ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተው የመጀመሪያው ፓርክ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከበሩ ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚወስደው መንገድ መሀል የትራም ሐዲድ አለ። የስኩተር የፊት ጎማ ሐዲዱ ውስጥ ከገባ ተሰንቅሮ ይቀራል፤ በሰያፍ አይደለም፣ ቀጥ ብሎ መሻገር ነው። ያን ሐዲድ ስንሻገር ለልጄ ከእግራችን ሥር ሌላ ወለል እንዳለ ነገርኩት። እውነት ነው። አካባቢው የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ስለሆነ ሠራተኞች የሚመላለሱባቸውን መተላለፊያዎች መሬቱ ላይ ሠርተው ፓርኩን ከላይ ነው ያስቀመጡት። እኛ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነን። ከዚያ በኋላ ያየው በር ሁሉ ሊፍት እየመሰለው አስቸገረኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ስለ ዲዝኒ ሳነብ ሁሉም የሚያወራው ስለ ራምፕ ነው። ራምፕ ሞልቷል። ጥያቄው መጫወቻው ለመሳፈር ይቆማል ወይስ አይቆምም የሚለው ነው። ለምሳሌ ፒተር ፓን የሚባለው፣ በራሪ ጀልባ የሚሳፈሩበት መጫወቻ፣ ፓርኩ በተከፈተ በሁለት ቀኑ የተከፈተ ነው። መሳፈሪያው ተንቀሳቃሽ ምንጣፍ ነው። አይቆምም። ምንጣፉ ላይ እየተራመዳችሁ ከሚሄደው ጀልባ ጋር እኩል ደርሳችሁ ዘው ማለት አለባችሁ። ለኔ የማይታሰብ ነው። ትንሿ ሜርሜድ ያለችበት ግን በ2012 የተከፈተ ነው። እሱም ምንጣፍ አለው፤ ግን ሠራተኛዋ ከዘራዬን አይታ ምንም ሳልጠይቃት ምንጣፉን አቆመችልኝ። ለዊልቸር የሚሆን መቀመጫም አለው። በሁለቱ መሀል በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ አለ። ወረፋ ላይ ሆኜ መሳፈሪያውን በሩቁ ሳይ ዘመኑን መገመት ለመድኩ። ሁልጊዜ ግን አይሠራም፤ የቆዩትም አንዳንዶቹ በኋላ ተሻሽለዋል።

ከተሻሻሉት አንዱ በዘፈን ታጅቦ የሚሄደው የጀልባ ጉዞ ነው፤ ኢትስ ኤ ስሞል ወርልድ ይባላል። ዊልቸር ከነሰውየው የሚጭን ጀልባ አለው። ስኩተር ግን አይገባም። ስለዚህ ስኩተሩን አቆምኩና በር ላይ ያለውን ተራ ዊልቸር ሰጡኝ። ሠራተኞቹ አይገፉም፤ ደንባቸው ነው። ገፊው ማን ሊሆን ነው? ልጄ ከኋላ ሄዶ እጀታዎቹን ያዘ። ራሱ ከወንበሩ ጀርባ በላይ አይታይም። እኔ ጎማዎቹን በእጄ እያዞርኩ፣ እሱ ከኋላ «እየገፋሁሽ ነው አይደል?» እያለ፣ ወደ ጀልባው ወረድን። እየገፋኸኝ ነው አልኩት። ጥቂት ገፍቶኛል፣ ልዋሽ አልችልም።

ትልቁ ጣጣ ስፔስ ማውንቴን ላይ መጣ። ጨለማ ውስጥ የሚበር ሮለር ኮስተር ነው፤ በሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚከንፍ ጋሪ። ቁመቱ ቢያንስ 112 ሴንቲ ሜትር የሆነ ልጅ ይገባል። ልጄ በር ላይ ያለው መለኪያ ሥር ቆሞ፣ ጫማው ውስጥ ጣቶቹን ዘርግቶ፣ አለፈ። ደስታው ወሰን አልነበረውም። ችግሩ እኔ ነኝ። መቀመጫዎቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ እግርን ወደ ውስጥ ዘርግቶ መግባት ይጠይቃል። ለመግባት እንኳ ብችል መውጫው ላይ ማን ያነሳኛል? ሕጉ ደግሞ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ዕድሜው 14 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው አብሮት ካልተሳፈረ አይፈቀድለትም ይላል። ቁመቱ ፈቀደለት፣ ዕድሜው ከለከለው፣ የናቱ ዳሌ አረጋገጠው።

ሁለት አዋቂ ሆናችሁ ብትሄዱ እንኳ እየተፈራረቁ መሳፈር የሚባል ነገር አለ፤ አንዱ ልጅ ይዞ ሲጠብቅ ሌላው ይጫወታል፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ለብቻዬ ለመጣሁት እናት ግን ይህ ሁሉ ምንም አይፈይድም። እዚህ ጋ ያበሳጨኝ ሕጉ አይደለም። ሕጉ ልክ ነው። ያበሳጨኝ በየትኛውም የጉዞ ምክር ላይ ይህን ማንም አለመጻፉ ነው። አንዱ ስለ ልጅ ይጽፋል፣ ሌላው ስለ ዊልቸር ይጽፋል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ምን እንደሚሆን ግን ማንም ትዝ አላለው። ልጃችሁ ሰባት ሊሞላው ጥቂት ወር ከቀረው ጉዞውን ብታቆዩት አትጎዱም።

የሰባቱ ድንኮች የማዕድን ባቡር አዳነን። በ2014 የተከፈተ ነው፣ 97 ሴንቲ ሜትር ነው የሚጠይቀው። ባቡሩ ይቆማል፣ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። ክንዴን ለማሳረፍና እግሬን ለማስገባት ጊዜ ሰጡኝ። ጋሪው ሲወዛወዝ ዳሌዬ ትንሽ ተቃወመ። ልጄ ግን ስፔስ ማውንቴንን እዚያው ረሳው። ለትንሽ ሰዓት ብቻ።

አብዛኛውን ወረፋ በስኩተር ነው የምታልፉት። ብዙ ሰው ዊልቸር ያለው ሰው ከፊት የሚያልፍ ይመስለዋል። የለም፣ አይደለም። ወረፋ ሳይቆሙ የመጠበቂያው ፈቃድ ከ2024 ወዲህ በዋናነት እንደ ኦቲዝም ያለ የዕድገት ችግር ላለባቸው ሰዎች ነው። የመራመድ ችግር ብቻ ያለው ሰው እንደማንኛውም ሰው ይሰለፋል፤ ልዩነቱ ተቀምጦ መሰለፉ ነው። ለኔ በቂዬ ነው። አንድ ሰውዬ ግን ከስኩተሬ ተነስቼ መጫወቻው ላይ ስወጣ አይቶ «ኧረ መራመድ ትችላለች!» አለ ለሚስቱ፣ እኔ እንድሰማ አድርጎ። ልመልስለት አፌን ስከፍት ልጄ ቀደመኝ፦ «እማዬ መራመድ ትችላለች። መቆም ነው የማትችለው።» ሐኪሜ በዚህ ልክ አጥርቶ አስረድቶኝ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ የፍሎሪዳ የሙቀት ወራት ዝናብ ያመጣሉ። መብረቅ ካለ ውጭ ያሉት መጫወቻዎች ይዘጋሉ። ስኩተር ደግሞ ቁልፎቹ ላይ ውሃ ከገባ ሊበላሽ ይችላል። የሆቴል መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚቀመጠውን የፕላስቲክ የፀጉር መሸፈኛ ይዛችሁ ውጡ። መሪው ላይ ታለብሱታላችሁ። ልክ ይሆናል። ዝናቡን እንዲያሳልፍልን የገባነው ካሩሰል ኦፍ ፕሮግረስ ነው፤ ከ1964ቱ የኒው ዮርክ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የመጣ ትርኢት ነው። የሚዞረው መድረኩ ሳይሆን ተመልካቹ የተቀመጠበት አዳራሽ ነው። ከስኩተሬ ሳልወርድ ገባሁ። ልጄ ሰልችቶት ተኛ። እኔ ወድጄዋለሁ።

ኤፕኮት የሚባለው ሌላው ፓርክ ላይ ባትሪው ከዳን። ኤፕኮት ውስጥ ሐይቅ አለ፤ ዙሪያውን የ11 አገሮች ሠፈር ተሠርቷል። ዙሩ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ያከራየኝ ድርጅት የሰጠኝ ስኩተር ጠዋት ባትሪው ሙሉ ነው ብሎ ነበር። በጀርመንና በጣሊያን መሀል ቆመን ቀረን። ከመቀመጫው በስተኋላ አንድ ማንሻ አለች። ስትጎትቷት ሞተሩ ጎማውን ይለቅና ስኩተሩ ተገፍቶ ይሄዳል። ከመከራየታችሁ በፊት ያቺ ማንሻ የት እንዳለች ጠይቁ። ሁለት ወጣቶች ሳልለምናቸው መጥተው ጥላ ሥር ገፉልኝ። ቻርጀሩን ቅርጫቱ ውስጥ ይዤ ስለነበር አንድ ሠራተኛ ሶኬት አሳየኝ። ልጄ እዚያ ሆኖ የጀልባዎችን መመላለስ ሲያይ ዋለ። ድርጅቱ ማታ ሌላ ስኩተር አመጣ፤ ይቅርታ ግን አላመጣም።

አኒማል ኪንግደምን ለዳሌ ሕመምተኛ ብዙም አልመክርም። ከአራቱ ሰፊው ነው። ግቢው የገጠር መንገድ እንዲመስል ብለው ሲሚንቶው ላይ የጎማ ዱካና ስንጥቅ ቀርጸውበታል። ለዓይን ያምራል። ስኩተር ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን እያንዳንዷ ስንጥቅ አጥንት ድረስ ትሰማለች።

ርችት ካለቀ በኋላ ወዲያው ለመውጣት አትሞክሩ። ሰው ሁሉ ስልኩን እያየ ነው የሚሄደው፤ እናንተ ደግሞ ከወገቡ በታች ናችሁ። አንዱ ቅርጫቴ ላይ ሊወድቅ ለጥቂት ነው የተረፈው። ልጄን በግራ በኩል ግድግዳ አስይዤ ሕዝቡ እስኪያልቅ አንድ ጥግ ላይ ቆየን።

ሆሊውድ ስቱዲዮስ ወደሚባለው አራተኛው ፓርክ የሄድነው ከኤፕኮት በሽቦ በሚንጠለጠለው ካቢን ነው። ካቢኖቹ እየተንቀሳቀሱ ነው ሰው የሚጭኑት፤ ለስኩተርና ለዊልቸር ግን ለብቻው የሚቆም መስመር አለ። ልጄ ከላይ ሆኖ የአውቶቡሶቹን ማነስ እያየ ሲስቅ ነበር። እዚያ የሄድንበት ምክንያት ቶይ ስቶሪ ማኒያ ነው፤ በጋሪ እየሄዳችሁ ስክሪን ላይ የምትተኩሱበት ጨዋታ። ዊልቸር የሚገባበት ጋሪ ለብቻው ይጠብቃችኋል። ማንም አያጣድፋችሁም። ልጄም ከጎኔ ተቀመጠ። ሌላው ጋሪ ላይ ገመድ እየጎተቱ ነው የሚተኩሱት፤ ይኼኛው ግን ቁልፍ አለው፣ ለደከመ እጅ እንዲሆን። ልጄ ቁልፏን አገኛትና ጣቱን አላነሳም። በነጥብ ድብን አድርጎ በለጠኝ። ስንወርድ ሠራተኛው «አንድ ጊዜ መድገም ትፈልጋላችሁ?» ሲለን እኔ ገና ከዘራዬን ስፈልግ ልጄ ተመልሶ ተቀምጦ ነበር።