ያላለቀው ወንበር፦ ስክረም በቃሊቲ ዕቃ ማምረቻ ውስጥ

የምሠራው ቃሊቲ አካባቢ በሚገኝ የቢሮና የትምህርት ቤት ዕቃዎች ማምረቻ ውስጥ ነው፤ ሥራዬ ትዕዛዝ ከገባበት ጊዜ አንስቶ ተገጥሞ እስኪያልቅ ክፍሎችን ማስተባበር ነው። ስክረም፣ ማለትም ሥራን ስፕሪንት በሚባሉ አጫጭር ዙሮች ከፍሎ በትንሽ ቡድን የመሥራት ዘዴ፣ ያደገው ሶፍትዌር በሚሠሩ ሰዎች መካከል ነው፤ ኬን ሽዋበርና ጄፍ ሰዘርላንድ በይፋ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1995 ነበር። እኛ ግቢ ውስጥ ግን ከንድፍ ባለሙያዎቹ በቀር ኮምፒውተር የሚነካ የለም፤ ሌላው ሰው ቀኑን ሙሉ ከእንጨት፣ ከላሜራና ከቀለም ጋር ነው የሚውለው። ቢሆንም ሠርቶልናል። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ስብሰባዎቹን ብቻ ወስደው ዋናውን ነገር ሲተዉት ስለማይ፣ እንዴት እንደሠራልን በዝርዝር መናገር እፈልጋለሁ።

ችግራችን ስንፍና አልነበረም። ትዕዛዝ ይዘገያል፤ ደንበኛ ይደውላል፤ ሥራ አስኪያጁ የክፍል ኃላፊዎችን ይሰበስባል፤ እያንዳንዱ «የእኔ ክፍል ድርሻውን ጨርሷል» ብሎ ወረቀቱን ያወጣል። የተናገሩት ሁሉ እውነት ነበር። ወንበሩ ግን አላለቀም። ሰው ሁሉ የሚናገረው ለአለቃው ነበር፤ አጠገብ ለአጠገብ የሚሠሩት ቆራጭና ቀለም ቀቢ ስለ አንዱ ወንበር ሲመካከሩ ሰምቼ አላውቅም። ልለውጥ የተነሳሁት ይህንን ነው።

ሥልጠና አላስቀደምኩም። ከኤምዲኤፍ ትራፊ ትልቅ ሰሌዳ አሠርተን መጋዘኑንና የቀለም ክፍሉን በሚያገናኘው መተላለፊያ ላይ ሰቀልነው፤ ለምሳም ሆነ ለቡና የሚወጣ ሁሉ በዚያ ያልፋል። ዓምዶቹ ቀላል ነበሩ፦ ያልተጀመረ፣ ንድፍ፣ ቆረጣና ብየዳ፣ ቀለም፣ ገጠማ፣ ያለቀ። ረጅሙ ክርክር የተነሳው በመጨረሻው ዓምድ ላይ ነው። አለቀ የምንለው ምን ሲሆን ነው? ቀለሙ ሲደርቅ? መኪና ላይ ሲጫን? ደንበኛው ተረክቦ ሲፈርም ነው ብለን ተስማማን። ከዚያ ሁሉም በእጁ ያለውን ትዕዛዝ በካርድ ጽፎ እንዲሰካ ስንጠይቅ የቀለም ዓምድ ሞልቶ ካርዶቹ በላይ በላዩ ተደረቡ።

የቀለም ክፍሏን ባለሙያ ቅር አላት። «ጋሼ፣ እኔ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም፤ ሁሉንም ጀምሬያቸዋለሁ» አለች ለፎርማናችን። እሱም ካርዶቹን ሲያይ ቆየና «አዎ ልጄ፣ ሁሉም ተጀምሯል። ዛሬ መኪና ቢመጣ ግን የቱን እንጭናለን?» አላት። ትንሽ አሰበችና «አንዱንም» አለች። በቀለም ክፍል በአንድ ጊዜ ከሦስት ትዕዛዝ በላይ እንዳይገባ የወሰንነው እዚያው ሰሌዳው ፊት ቆመን ነው። ይህ ከቶዮታ ፋብሪካ የመጣው የካንባን ልማድ ነው። ቀለም ክፍል ሲሞላ ቆራጮቹ አዲስ መቁረጡን ትተው ሄደው እንጨት ያለሰልሳሉ። ማሽን ቆሞ ማየት ለሥራ አስኪያጁ ከባድ ነበር፤ በዚህ ነጥብ ላይ ግን አልተደራደርኩም። ተቆርጦ ሳይቀባ የሚቀመጥ እንጨት ለማንም አይሸጥም።

ፎርማኑ ቀድሞ በሌላ ፋብሪካ ሲሠራ ካይዘንን፣ አሠራርን ሳያቋርጡ በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓኖችን ዘዴ፣ ያውቀዋል፤ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ በብዙ ፋብሪካዎች የካይዘን ሰሌዳ ማየት የተለመደ ነው። «ይህማ የምናውቀው ነገር ነው» ሲል ደስ አለኝ። ደግሞም ልክ ነው። ለስክረም መነሻ የሆነው የታኬውቺና የኖናካ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1986 ሲወጣ እንደ ሆንዳና ካኖን ያሉ የጃፓን ድርጅቶች አዲስ ዕቃ እንዴት እንደሚያወጡ የሚተነትን ነበር። ከዚያ በኋላ ለሌሎቹ ሠራተኞች ያስረዳው ራሱ ፎርማኑ ነው፤ ከእኔ ይልቅ እሱን ሰሙት።

ቀጥሎ ቡድኖቹን በክፍል መከፋፈላችንን ትተን በትዕዛዝ ከፈልናቸው። የስክረም መመሪያው ቡድን በተለምዶ ከ10 ሰው እንዳይበልጥ ይመክራል። የትምህርት ቤት ዕቃ የሚሠራው ቡድን የራሱ ንድፍ አውጪ፣ ቆራጭ፣ በያጅና ገጣሚ አለው፤ የቢሮ ዕቃውም እንደዚሁ። ቀለም ክፍሉ ብቻ የጋራ ሆኖ ቀረ።

ከሁሉ የከበደው ስክረም በየቀኑ የሚጠይቀው አጭር የጠዋት ስብሰባ ነበር። ከቱሉ ዲምቱና ከገላን የሚመጡት ታክሲ ስለሚያቆያቸው 2 ሰዓት ተኩል ላይ አደረግነው፤ ከ15 ደቂቃ አያልፍም። ሥራ አስኪያጁ ሰሌዳው አጠገብ ሲቆም ግን ሁሉም ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ ሪፖርት ያቀርባል። ለብቻው ቢሮው ሄጄ «ኢንጂነር፣ እርስዎ ባሉበት ሰው እርስ በርሱ አይነጋገርም። ጠዋቱን ለእኛ ይተዉልን፤ በየስፕሪንቱ መጨረሻ ዓርብ ከሰዓት ያለቀውን ሥራ ራሳችን እናሳይዎታለን» አልኩት። አልወደደውም፤ ግን እሺ አለ፣ ቃሉንም ጠበቀ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የስክረም መመሪያ ትናንት ምን ሠራህ፣ ዛሬ ምን ትሠራለህ፣ ምን አገደህ የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች አስቀርቷቸዋል። ለእኛ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ጥያቄዎቹ እዚህ አገር ቶሎ ወደ ሪፖርት ይለወጣሉ። እኛ ሰሌዳውን የምናነበው ከመጨረሻው፣ ለማለቅ ከቀረበው ካርድ ጀምረን ነው፤ የምንጠይቀውም ይህ ካርድ ዛሬ እንዲያልቅ ምን ይጎድለዋል ብለን ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ያለው አጠገብ በቆመው ሰው እጅ ነው።

በየስፕሪንቱ ማብቂያ አሠራራችንን የምንፈትሽበት ስብሰባ ደግሞ ዝምታ የነገሠበት ነበር። ይህን ዝምታ በሚገባ እረዳዋለሁ። በግምገማ ላይ ተነስቶ ስህተቱ የተቆጠረበት፣ ግለሂስ አድርግ የተባለ ሰው፣ እንደገና በክብ ተቀምጠህ ተናገር ሲባል ይጠነቀቃል፤ መጠንቀቁም ተገቢ ነው። ስለዚህ ስለ ሰው መነጋገርን አስቀረን። ብዙ የቆየውን አንድ ካርድ ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጥና በየዓምዱ ስንት ቀን እንደጠበቀ ጀርባው ላይ እንጽፋለን፤ ከዚያ ሁሉም ምክንያት ያለውን ስም ሳይጽፍ በወረቀት ያሰፍራል። የተባለው ነገር ወደ ማንም የግል ማኅደር እንደማይገባ ሥራ አስኪያጁ በሁሉም ፊት ተናገረ። ከወረቀቶቹ አንዱ «ልክ የሚወስደው ሰው ገጥሞ አያውቅም» ይል ነበር። ቁም ሣጥኖች ለምን ተመልሰው እየመጡ እንደገና እንደሚቆረጡ ያን ጊዜ ገባን። ከዚያ ወዲህ ልክ ሲወሰድ ገጣሚ አብሮ ይሄዳል። በአንድ ስፕሪንት ከአንድ በላይ ማሻሻያ አንይዝም፤ የያዝነውም እንደማንኛውም ሥራ በካርድ ተጽፎ፣ ኃላፊነት የወሰደው ሰው ስም ተጨምሮበት ሰሌዳው ላይ ይሰካል።

ስፕሪንታችን ሁለት ሳምንት ነው። ከገና እስከ ጥምቀት ባለው ሰሞን ቡድኑ የሚወስደው ትዕዛዝ ያንሳል፤ መብራት የሚጠፋበት ሰዓትም ከመጀመሪያው ይታሰባል። ምን ያህል እንደሚችል የሚወስነው ቡድኑ ነው፤ የትኛው ይቅደም የሚለውን የሽያጭ ኃላፊዋ ትወስናለች።

አሁን ያልፈታነው ግዥ ነው። የታገዱ ካርዶችን ቀይ ምልክት ስናደርግባቸው አብዛኞቹ ከውጭ የሚገባ ማጠፊያ ወይም ቁልፍ የሚጠብቁ ሆነው ተገኙ። የግዥ ባለሙያዋ በየትኛውም ቡድን ውስጥ አልነበረችም፤ የሚያስፈልገውን የምትሰማው ሥራው ከቆመ በኋላ ነበር። አሁን ሰኞ ዕቅድ ስናወጣ አብራን ትቀመጣለች። ሐምሌ 1 ለሚጀምረው የበጀት ዓመት ግዥው የራሱ ሰሌዳ እንዲኖረው ጠይቃለች፤ ዓምዶቹንም እሷው እያዘጋጀች ነው።