የፈረሱ ዓይን

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንን መጀመሪያ ያየሁት ለሠርግ ጎንደር በሄድኩ ጊዜ ነው። ጥድፊያ ላይ ነበርን። ቀና ብዬ የጣሪያውን መላእክት በስልኬ አነሳሁና ወጣሁ። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ በኋላ ወሬው በተነሳ ቁጥር «አይቼዋለሁ» እላለሁ።

አንድ ቀን ፎቶውን ሥዕል ለሚያስተምር ጓደኛዬ አሳየሁት። «ዓይናቸው ወዴት ነው የሚያየው?» አለኝ። ስልኩ እጄ ላይ ሆኖ መልሱን አላውቅም! አብረን አጎላነው። አንድ ዓይነት የመሰሉኝ ክንፋም ፊቶች አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ያያል። ከሥራቸው የትም ብትቆም አንዱ ያገኝሃል።

የዓይኑን ሕግ የነገረኝም ያኔ ነው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉው ደግሞ በጎኑ፣ በአንድ ዓይን። የመጨረሻው እራት ሥዕል ላይ ይሁዳን ፈልጉት፤ ብዙ ጊዜ በዚህ ትለዩታላችሁ።

ሕጉን ሳውቅ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ግን ለወራት ያህል ማየቴን አቆምኩ። ሁለት ዓይን፣ ደግ። አንድ ዓይን፣ ክፉ። ቀጥሎ! ሥዕሉን ፈትቼ እንደጨረስኩ ይሰማኝና አልፋለሁ።

ባለፈው ጥር ጎንደር ስመለስ ጫማዬን አውልቄ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ። መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ቆየሁ። ከዚያ ግድግዳው። ሥዕሎቹ ጨርቅ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ናቸው፤ በመጀመሪያው ጉዞዬ ይህን እንኳ አላስተዋልኩም። ፈረሰኞቹ ሰማዕታት ጋ ስደርስ ግን ግራ ገባኝ። ፈረሱ በጎኑ ነው የተሣለው፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። የቅዱስ ፈረስ ክፉ ነው ሊባል ነው? አይባልም። ሕጉ እዚህ ጋ አልሠራልኝም። ስለዚህ እንደገና ከመጀመሪያው ማየት ነበረብኝ። ፈረሱ የሚያየው የሚሄድበትን ነው። ላዩ ላይ ያለው ሰማዕትስ?

አዲስ አበባ ስገባ በቀጥታ እናቴ ቤት ሄድኩ። ሳሎኑ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ የወረቀት ሥዕል አለ። ከሥሩ ነው ያደግኩት። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን እየወጋ ዘንዶውን አያይም! ጦሩ ወደ ታች፣ ዓይኑ ወደ እኛ። እስከዛሬ ሥዕሉን የውጊያ ሥዕል አድርጌ ነበር የማስበው። አሁን ግን ሠዓሊው የተጨነቀው ለውጊያው አልመሰለኝም። ከፊቱ ቆማ ለምትለምነው ሴት ነው የሣለው። ለእናቴ። እሷ ቀና ስትል እሱ ሌላ ቦታ እያየ እንዳይጠብቃት።

ይህን ሁሉ በጉጉት ነገርኳት። ነጠላዋን እያስተካከለች ሰማችኝ።

«ብሩታዊትንስ አየሻት?» አለችኝ።

ዛፉ ላይ የተንጠለጠለችው ልጅ። አዎ፣ ሥዕሉ ጥግ ላይ ትታያለች።

«እጇን እይው።»

ወንበር ላይ ወጣሁ። ቅርንጫፉን በሁለት እጇ ጨብጣዋለች።

«ዘንዶው ተወግቷል፤ እሷ ግን ገና አላመነችም» አለች እማዬ። «እኔ ሁልጊዜ የማየው እሷን ነው።»