ሞገዱ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

ሰሞኑን እዚሁ ጅማ ለአንዲት እናት የሳሎናቸውን የቲቪ ግድግዳ በሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር በሚታዘዝ መቅረጫ ማሽን፣ ሠራሁላቸው። ስልካቸው ላይ ያሳዩኝ ፎቶ ግድግዳውን ሙሉ የሚያለብስ ሞገድ የመሰለ ቅርጽ ነው። «ማሽን አይደል የሚሠራው? ምን ችግር አለው ልጄ!» አሉኝ። ችግሩ ሰዓት ነው።

አንድ ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራ ቦርድ) 1.22 በ2.44 ሜትር ነው። ጫፉ ክብ የሆነ 6 ሚሊ ቢት (የማሽኑ መቅረጫ ስለት) አስገብታችሁ መስመሩን በ0.6 ሚሊ ካጠጋጋችሁት፣ ማሽኑ አንዱን ቦርድ ለመጨረስ ከ2,000 ጊዜ በላይ ይመላለሳል። ወደ 5 ኪሎ ሜትር ማለት ነው! በደቂቃ 5 ሜትር ቢነዳ እንኳ ከ16 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ያን ያህል ሰዓት መብራት ሳይጠፋ ይቆያል ብዬ ደግሞ አልወራረድም። ከአንድ ግንድ በርጩማ ፈልፍለው የሚያወጡት የጅማ ባለሙያዎች ይሄን ሲሰሙ ሳይስቁብኝ አይቀሩም።

በ20 ሚሊ ቢት፣ በ2 ሚሊ ርቀት ሲሆን መንገዱ ወደ 1.5 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ 5 ሰዓት አካባቢ ነው። የሚቀረውን ስስ መስመር ካርታ ቬትሮ (የብርጭቆ ወረቀት) ያነሳዋል። በየ10 ሳንቲሙ የሚወርድ ቀጥ ያለ ቦይ ከሆነማ 30 ሜትር እንኳ አይሞላም። በካሬ ስንት ነው ስትሉኝ መጀመሪያ ንድፉን አሳዩኝ የምለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሞገዱን ከቲቪው ጀርባ ብቻ አድርጌ ግራና ቀኙን በቦይ ጨረስኩት። መጀመሪያ ፊታቸው አልፈካም ነበር፤ ዋጋውን ሲሰሙ ተስማማን።

መብራት ሲጠፋ ማሽኔ የት ላይ እንደነበረ ይረሳል። መፍትሔው ቦርዱን በማይቆረጠው ጠርዙ በብሎን ማሰር፣ ዜሮውን (ማሽኑ ልኬት የሚጀምርበትን ነጥብ) ጠረጴዛው ላይ ቋሚ ምልክት ማድረግና ፋይሉን ከፋፍሎ መላክ ነው። ቦርዱ ካልተነቃነቀ መብራት ሲመጣ መስመሩ ይገጥማል።

ዋናው ልፋት ከዚያ በኋላ ነው። የኤምዲኤፍ ፊቱ ለስላሳ ነው፣ የተቀረጸው ውስጡ ግን እንደ ፎጣ ነው፤ ቀለም ይጠጣል። በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም በቀጥታ ከነካው ጸጉሩ ይቆማል። እኔ መጀመሪያ ሲለር (ቀለም እንዳይጠጣ የሚደፍን ቅብ) ቀብቼ፣ ሲደርቅ በ240 ካርታ ቬትሮ አሽቼ፣ ደግሜ ቀብቼ ነው ወደ ቀለም የሄድኩት። ቦይ ውስጥ ወረቀቱን በጣት ጫፍ ይዞ ማሸት ያሰለቻል፣ ግን አቋራጭ የለውም። ብናኙ ደግሞ ለሳንባ ክፉ ነው፤ ያለ ማስክ አትጠጉት። ጀርባውንም ሲለር አልብሱት፤ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ አንድ ፊቱ ብቻ የተቀባ ቦርድ እርጥበት ሲስብ ይጎብጣል።

ግድግዳው ላይ ቱምቢ ጥዬ ሳይ ልስኑ መሃሉ አብጧል። በኮላ መለጠፉን ትቼ ሞራሌ (ቀጭን አራት ማዕዘን እንጨት) በፊሸር፣ ግድግዳ ውስጥ በሚገባ የብሎን መያዣ፣ አሰርኩ፣ ከኋላው ስስ እንጨት እየሸጎጥኩ አስተካከልኩና ቦርዱን እሱ ላይ መታሁት። የቲቪው ገመድም በዚያው ክፍተት አለፈ። መጋጠሚያውን በስቱኮ ሞልቼ ካሸሁ በኋላ የመጨረሻውን ቀለም እዚያው ግድግዳው ላይ ረጨሁት፤ ሶፋቸውን በላስቲክ ሸፍነን።