84 ኪሎ የምትመዝን ጀልባ አትግዙ

ሐይቅ ላይ የተነሳሁትን ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቀውኛል። "እኔም ብቻዬን መጀመር እፈልጋለሁ፤ የትኛዋን ባለ ሸራ ጀልባ ልግዛ?" አንዷማ የባለ ጓዳ ጀልባ ፎቶ ልካ "ይቺስ እንዴት ናት?" ብላኛለች። ተይ እህቴ፣ ይቅርብሽ። እኔ ገዝቼ አይቼዋለሁ።

ለማታውቁኝ፦ የምኖረው ሲያትል ነው። ሆስፒታል ውስጥ የማታ ፈረቃ እሠራለሁ። ያደግኩት ባህር ዳር ነው፤ ዋና የተማርኩት ግን እዚህ መጥቼ በ34 ዓመቴ ነው። ጣና ዳር አድጎ ዋና አለመቻል ያስቃል አይደል? ግን ሰፈራችን ውስጥ ብዙዎቻችን እንደዛ ነበርን። "እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ" የሚባለውን እናቴ ቃል በቃል ነበር የምታምንበት። ሐይቁን በቅርብ ያየሁት በአጎቴ ምክንያት ነው። ከዘጌ በደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ ይመጣ ነበር። የሚነሳው ነፋሱ ሳይነሳ፣ ገና ሳይነጋ ነው። ከሰዓት በኋላ ታንኳውን ከውሃ አውጥቶ እንዲደርቅ ያቆመዋል፤ ደንገሉ ውሃ ከጠጣ ይከብዳላ። ይህንን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

እና የመጀመሪያዋ ጀልባዬ። 22 ጫማ፣ ማለትም 6.7 ሜትር ገደማ። ሁለት ሸራ፣ ትንሽ ሞተር፣ ውስጧ ሰው የሚያስተኛ ጓዳ። 1,200 ዶላር ብቻ! ጓዳዋ ውስጥ ገብቼ ቡና ሳፈላ ታየኝ። ረከቦቱን የት እንደማስቀምጥ ሳይቀር አስቤ ነበር።

ችግሩ ዋጋዋ አልነበረም። ለማቆሚያ በየወሩ እከፍላለሁ። ከማቆሚያው ብቻዬን ማውጣት አልችልም፤ አንድ ሰው መሪ ሲይዝ ሌላው ገመድ መፍታት አለበት። ቅዳሜ ጠዋት ስልክ እደውላለሁ። አንዷ ሥራ ናት፣ አንዱ ማኅበር አለበት፣ አንዷ ጠጉሯን ተሠርታለች። ልክ ናቸው እኮ፣ ምን ዕዳ አለባቸው? በአንድ ሰመር፣ ማለትም በሙቀቱ ወራት፣ አራት ጊዜ ብቻ ወጣሁ። በአንዱ ሞተሩ ጠፍቶብን ተጎትተን ተመለስን። በስተመጨረሻ ለሚወስዳት ሰው በነፃ ሰጠኋት፣ በዚያ ላይ አመሰግናለሁ አልኩት።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ልቤ የተመለስኩት። ሌክ ዩኒየን ከሚባለው የሲያትል ሐይቅ ዳር ያለው የእንጨት ጀልባዎች ማዕከል እሁድ እሁድ ሰው በነፃ ያንሸራሽር ነበርና ሄድኩ። ያሳፈረን ሽማግሌ የት ድረስ መጓዝ እንደምፈልግ አልጠየቀኝም። "ስትገለበጪ ብቻሽን መልሰሽ ታቆሚያታለሽ?" ነው ያለኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጀልባ የምመዝነው በዚህች ጥያቄ ነው።

ትምህርት የጀመርኩት ሌዘር በምትባል የአንድ ሰው ባለ ሸራ ጀልባ ነው። ዛሬ ስሟ ኢልካ ሆኗል፤ የድሮ ሰዎች ግን አሁንም ሌዘር ነው የሚሏት። እ.ኤ.አ. ከ1996ቱ የአትላንታ ኦሎምፒክ ጀምሮ የሚወዳደሩባት ጀልባ ናት። 4.2 ሜትር ርዝመት፣ 59 ኪሎ ገደማ ቀፎ (ያለ ሸራና ምሰሶ፣ የጀልባዋ አካል ብቻ)፣ 7 ካሬ ሜትር ሸራ። ስትፈጥን ደስ ትላለች። ግን 58 ኪሎ ለሆነች ሴት ሙሉ ሸራዋ ብዙ ነው። አነስ ያለ ሸራ ይገጠምላታል፣ 5.76 ካሬ ሜትር፤ እሱን ሞክሬ ተሻለኝ። ያም ሆኖ አንድ ነገር አስፈራኝ። የሌዘር ሸራ እንደ ካልሲ ነው ምሰሶው ላይ የሚጠለቀው። ውሃ ላይ ሆናችሁ ነፋስ ሲበረታ ላውርደው ብትሉ አይወርድም። ያላችሁ አማራጭ ገመዱን ለቆ ሸራው እንዲርገበገብ ማድረግ ነው፣ እሱም እየጮኸ ያስደነግጣል።

ሰንፊሽ የምትባለዋን ያገኘኋት እንደዚህ እያማረርኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኮኔቲከት ውስጥ የተፈጠረች ጀልባ ናት። በወረቀት ካያችኋቸው ከሌዘር ጋር መንትያ ይመስላሉ፦ ርዝመታቸው፣ ክብደታቸው፣ የሸራቸው ስፋት ለጥቂት ነው የሚለያየው። ሸራዋ ግን ሦስት ማዕዘን ነው፣ በሁለት ረጃጅም ዘንጎች ተወጥሮ በገመድ ይሰቀላል። ምሰሶዋ አጭር ነው፣ ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። ያንን ገመድ ስትፈቱት ሸራው ዘጭ ብሎ ይወርዳል። አበቃ። ጀልባዋ ዝም ትላለች፣ እናንተም ትንፋሻችሁን ትሰበስባላችሁ። በመቅዘፊያ ወደ ዳር። ለብቻዋ ለምትወጣ ጀማሪ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? ለውድድር ሌዘር ትበልጣለች ይሉኛል። ይሁን። እኔ ከማን ጋር ነው የምወዳደረው?

ሌላም ነገር ወደድኩላት። የሚቀመጡት ውስጧ ሳይሆን ላይዋ ላይ ነው፤ ለእግር ብቻ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ አላት። ልክ እንደ አጎቴ ታንኳ። ቀፎዋ የታሸገ ስለሆነ ብትገለበጥም አትሰጥምም።

ሌሎቹን በአጭሩ ልበላችሁ። አርኤስ ኤሮ ቀፎዋ 30 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው፤ ገንዘብ ያለው ዓይኑን ሳያሽ ይግዛት። እኔ የለኝም። ባለ ሁለት ቀፎዋ ሆቢ 16 ታምራለች፣ ትበራለች። አንዴ ከተገለበጠች ግን የእኔ ዓይነት ክብደት ብቻውን አያቆማትም። ኦፕቲሚስት የልጆች ናት፤ ልጅ ካላችሁ ግን አስቡባት።

አሁን ወደ ደንገሉ ልመለስ። የሰንፊሽ ሆድ ውስጥ ነጭ ፎም አለ። ቀፎዋ ተሰንጥቆ ለዓመታት ውሃ ሲገባ ፎሙ ይጠጣዋል። ከውጭ ስታዩዋት ታጥባ፣ በሰም ተወልውላ ታበራለች። ያገለገለች ስትገዙ የቤት ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። አዎ፣ መታጠቢያ ቤት የምታስቀምጡትን። እኔ ይዤ ስሄድ ሻጩ ሳቀ። ለሁለት አንስተን መሃሏን ሚዛኑ ላይ አመጣጠንናት። ቁጥሩ ሲወዛወዝ ቆይቶ 84 ላይ ቆመ። ከፋብሪካ ስትወጣ 59 ገደማ የሆነች ጀልባ! 25 ኪሎ ውሃ ተሸክማለች፣ አንድ ኩንታል ጤፍ ሩብ ማለት ነው። "ሚዛንሽ ተበላሽቶ ይሆናል" አለኝ። እኔ ራሴ ወጣሁበት፤ 58 አለ። ከዚያ በኋላ አልሳቀም።

ማድረቅ ይቻላል እርግጥ ነው። ቀዳዳ ከፍቶ ለሳምንታት ፋን ማስነፋት ነው። ጋራዥ ያለው ይሞክረው፤ እኔ የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው።

የእኔዋን ሁለት ወር ፈልጌ ነው ያገኘኋት፤ ከነተጎታቿ 800 ዶላር። 61 ኪሎ መዘነች። ጀርባዋን በመዳፌ እየተጫንኩ ዞርኳት፣ የሚሰረጉድ ቦታ የለም። ከመሃል ወደ ውሃ የምትገባዋ ሳንቃ የምታልፍበትን ቀዳዳ በባትሪ አየሁት፤ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። መሪዋ ከቀፎው ጋር የሚያያዝበትን ብረትም ወዘወዝኩ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተሠሩት አያያዛቸው ሌላ ዓይነት ነው፤ መለዋወጫ ያስቸግራል፣ እለፏቸው። ሸራው ደብዝዟል፣ ግን አልተቀደደም። ቢጫ ነው።

አሁን ማግኑሰን ፓርክ ዳር ነው የማስቀምጣት። ከሌሊት ሥራ ወጥቼ፣ ተኝቼ፣ አመሻሽ ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት፣ እደርሳለሁ። በባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ብቻዬን ወደ ውሃው እገፋታለሁ። ሸራውን ለመስቀል ሩብ ሰዓት አይፈጅብኝም። ባለፈው ሰመር 31 ጊዜ ወጣሁ፤ ስልክ የደወልኩለት ሰው የለም።

የመጀመሪያውን ቀን ግን አልተጓዝኩም። ጓደኛዬ ዳር ላይ ቆማ እያየችኝ ሆን ብዬ ሰባት ጊዜ ገለበጥኳት። ገመዱን መልቀቅ፣ ዞሮ መዋኘት፣ ሳንቃዋን ይዞ መንጠልጠል። መጀመሪያ ምንም የሚሆን አይመስልም። ከዚያ ቀስ ብሎ ምሰሶው ከውሃው ይላቀቃል፣ ሸራው ውሃውን እያንጠባጠበ ይነሳል፣ እና ዥው ብላ ትቆማለች። ሦስተኛው ላይ በደንብ ስላልፈጠንኩ ከላይ ዞራ በሌላኛው ጎን ተኛች። አምስተኛው ላይ እየሳቅኩ ነበር። ሰባተኛው ላይ እጄ ደንዝዞ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉ። ወሩ ሜይ ነበር። ሲያትል በሜይ ፀሐይዋ ታታልላለች፤ ሰዉ በቲሸርት ነው፣ ውሃው ግን በረዶ። ስለዚህ ከጀልባው ዋጋ ላይ ለዌትሱት፣ ማለትም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለሚለበሰው የላስቲክ ልብስ፣ ገንዘብ ቀንሱ። ላይፍ ጃኬቱን ደግሞ ልበሱት፣ አትቀመጡበት።

ነፋሱን በተመለከተ እኔ አንድ ቀላል ደንብ አለኝ፦ ማዕበሉ ጫፍ ላይ ነጭ አረፋ ካየሁ ሻይ እጠጣለሁ። ነፋሱ ከጀርባዬ፣ ከየብስ ወደ ሐይቁ የሚነፍስ ከሆነም እቀራለሁ። ዳር ላይ ለስላሳ ይመስላል፤ ራቅ ስትሉ ግን ይበረታና ለመመለስ ፊት ለፊት ትታገሉታላችሁ።

እማዬ ባለፈው በቪዲዮ አየቻት። ዝም ብላ ቆይታ "እንጨት አትጭንም?" አለች። አትጭንም እማዬ። "ታዲያ ወዴት ነው የምትሄጂባት?" የትም። ሄጄ እመለሳለሁ። አማተበች። ከዚያ አጎቴን ጠርታ ስልኩን ሰጠችው። እሱ የጠየቀኝ ክብደቷን ነው።

በነገራችን ላይ ያቺን 84 ኪሎዋን ጀልባ ትናንትም ለሽያጭ ወጥታ አየኋት። አዲስ ቀለም ተቀብታለች፣ ዋጋዋም ትንሽ ወርዷል። ክብደቷን አልጻፈውም።